ፀሐይ የምትበላው ድምፅ

በሚዛን ተፈሪ ከተማ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? ጎረቤቶቼ ግን አውቀውኛል። መብራቱ ድርግም ሲል ከየቤቱ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሻማ ፍለጋ ይጀመራል፤ ኳስ ለማየት በሻይ ቤቱ የተሰበሰበው ጎረምሳ ሁሉ እያጉረመረመ ይበተናል። እኔ ግን በዚያው ቅጽበት ከራስጌዬ አንዲት መዳፍ የማትሞላ ራዲዮ አንሥቼ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። አከራዬ አንድ ምሽት በሻማ ብርሃን አይተውኝ፣ «ልጄ፣ መብራቱን የምታጠፋው አንተ እንዳትሆን ብቻ!» ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ እብደት የሚመስለው ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው ነው። በየቤቱ የተሰቀለው ርካሽ አምፖል፣ የስልኩ ቻርጀር፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም በሥራ ላይ ሳሉ ለጆሮ የማይሰማ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ወደ አየሩ ይለቃሉ። ለእኛ አይሰማንም፤ ኤ ኤም በሚባለው በመካከለኛው ሞገድ የሚመጣውን ድምፅ ለመያዝ የምትደክም ትንሽ ራዲዮ ግን ገበያ መካከል ቆሞ ሹክሹክታ ለመስማት እንደሚጥር ሰው ትሆናለች። መብራት ሲጠፋ ገበያው ይፈታል። ያን ጊዜ ከሩቅ አገር የተነሣው ቀጭን ድምፅ የሰፈራችንን የቆርቆሮ ክዳን ተሻግሮ እጄ ላይ ይደርሳል።

ለመሆኑ እኔና ይህች ራዲዮ እንዴት ተዋወቅን?

ወደ ሚዛን ተፈሪ የመጣሁት በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። በፊዚክስ ትምህርት ከኮሌጅ ተመርቄ፣ የመምህርነት ደብዳቤዬን በኪሴ ይዤ፣ ተወልጄ ካደግሁባት ከአዲስ አበባ ስነሣ ስለምሄድበት አገር የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንደኛው ዝናብ እንደሚበዛበት፣ ሁለተኛው በበቃ የሚባል ሰፊ የቡና እርሻ እንዳለበት። ከቤት ስወጣ አባቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ብፈታው የጥንት ራዲዮው ናት። «ለክፉ ቀን ትሆንሃለች» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ዓለምን ሁሉ የያዘ ይመስለኝ ስለ ነበር፣ እንዳይከፋው ብዬ ብቻ ተቀበልኋት።

በጅማና በቦንጋ በኩል የሚመጣው መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከቦንጋ ወዲህ ጫካው ግራና ቀኙን ይይዛል፤ ጭጋጉ ከዛፎቹ ጫፍ አይለቅም። መጨረሻ ላይ ደርሼ ሻንጣዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ለአንድ ነባር መምህር ያቀረብሁት የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ዝውውር የሚጠየቀው ከስንት ዓመት በኋላ ነው?» የሚል ነበር። ሰውየው ፈገግ አለና፣ «መጀመሪያ ሻንጣህን አስቀምጥ» አለኝ።

አባቴ ያለው ክፉ ቀን ብዙም አልቆየ። በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ መብራቱም ኔትዎርኩም አንድ ላይ ጠፉ። ዓለምን የያዘው ስልኬ በሁለተኛው ቀን የብረት ቁራጭ ሆነ። በሦስተኛው ሌሊት ዝናቡ አባርቶ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የአባቴ ጥቅልል ትዝ አለኝ። ከጎረቤት ሱቅ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ገዛሁና ከፈትኋት። በመጀመሪያ እንደ ጣዲቅ ጥብስ ያለ ሽሽታ ብቻ ተሰማኝ። ቁልፏን ቀስ አድርጌ ሳዞር ግን አንድ የአማርኛ ድምፅ ብቅ አለ፤ ራቅ አለ፤ ተመልሶ መጣ። የአዲስ አበባ ነው! ሰዓቱን ሲናገር ሰማሁት። እናቴ ወጥ ቤት ሆና የምትሰማው ያው ሰዓት ነው። አንባቢ ሆይ፣ አልዋሽህም፤ ዓይኔ ውኃ ሞላ።

ከዚያ ወዲያ ዓይነ ጥላ እንደ ያዘው ሰው ሆንሁ። በሌላ ሌሊት ከሳዑዲ ዐረቢያ የቁርኣን ንባብ አገኘሁ። በሌላው ሌሊት ስዋሂሊኛ ሲነገር «ናይሮቢ» የሚለውን ስም ለቅሜ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ከካርታ ላይ በማስመሪያ እየለካሁ ርቀቱንም መዘገብሁ። አዲስ አበባ በቀጥታ ሲለካ 410 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ናይሮቢ ከ900 በላይ፤ ካርቱም 1000 ያህል፤ ጅዳ ከ1600 በላይ። ይህ ሁሉ ሁለት ድንጋይ በምትበላ፣ ዋጋዋ ከአንድ ጥንድ ጫማ በማይበልጥ ዕቃ ነው።

በውጭ አገር ይኸን ሥራ ልማድ ያደረጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። «ዲ ኤክስ» ይሉታል፤ ከድሮ የቴሌግራፍ ሠራተኞች የተወረሰ አጠራር ሲሆን ርቀት ማለት ነው። ሌሊት ከሩቅ ያገኙትን ጣቢያ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰሙትን ጽፈው ለጣቢያው ይልካሉ፤ ጣቢያውም በምላሹ የማረጋገጫ ካርድ ይሰድላቸዋል። አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበውን ካርድ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ይኖራል። እኔ ካርድ ባይኖረኝም በዚህ ማኅበር የተቆጠርሁ መሰለኝ፤ ጥቂትም ኮራሁ። ኩራቴ ግን ብዙ አልዘለቀም። ያዋረደኝም የገዛ ክፍሌ ነው።

በ2018 ዓ.ም. በኅዳር ወር ለዐሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ሞገድ ሳስተምር፣ ነገሩን በዓይንና በጆሮ ላሳያቸው ብዬ ራዲዮዬን ይዤ ገባሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። «እነሆ፣ ከዚህ 1000 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚናገር ሰው አሁን ትሰማላችሁ» ብዬ ከፈትኋት። ሽሽታ! ቁልፏን አዞርሁ። ሽሽታ! ወደ መስኮቱ ወሰድኋት፤ ወንበር ላይ ቆምሁ፤ አንቴናዋን መዘዝሁ። ሽሽታ ብቻ! ከኋላ አንዱ፣ «መምህር፣ ዝናብ እየጣለ ነው እኮ የሚናገሩት» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ በረድ ሲል ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ አያቴ በቀን አይከፍቱትም። ፀሐይ ድምፅ ትበላለች ይላሉ» አለ። ክፍሉ እንደ ገና ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከከፈትሁ በኋላ ቃሉ መሐል መንገድ ላይ ያዘኝ። ፀሐይ ድምፅ ትበላለች! ይህ እኮ በኮሌጅ ለፈተና ሸምድጄ፣ ፈተናው ሲያልፍ የረሳሁት ትምህርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከራሳችን በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ በቀን አየሩን በጨረሯ እየመታች በኤሌክትሪክ የተሞላ ሽፋን ትሠራለች። የመካከለኛው ሞገድ ወደ ሰማይ ሲወጣ ይህ ሽፋን ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ በቀን የሚሰማው በምድር ላይ እየተሳበ የሚመጣው ሞገድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሩቅ አይሄድም። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ የታችኛው ሽፋን ይፈርሳል። ሞገዱም የሚውጠው አጥቶ ከፍ ብሎ ይወጣና፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ግድም ጀምሮ ወዳሉት የላይኛ ሽፋኖች ደርሶ፣ ኳስ ከግድግዳ እንደሚነጥር ወደ ምድር ይመለሳል። ሲመለስም ከተነሣበት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያርፋል። ከላይ የሚመጣው ሞገድ መንገዱ እየተለዋወጠ አንዴ ሲተጋገዝ አንዴ ሲጠፋፋ፣ ድምፁ እንደ ባሕር ማዕበል ይመጣል፤ ይሄዳል።

ይህን ለማወቅ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ኬኔሊና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ፣ ሞገድን የሚመልስ ሽፋን በሰማይ ላይ ሊኖር ይገባል ብለው በየበኩላቸው ገመቱ። እ.ኤ.አ. በ1924 አፕልተን የተባለው እንግሊዛዊ በቦርንማውዝ ከተማ በነበረው የቢቢሲ ማሠራጫ ሞክሮ ሽፋኑ በእርግጥ መኖሩን አረጋገጠ፤ በዚህ መስክ ለሠራው ሥራም እ.ኤ.አ. በ1947 የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የተማሪዬ አያት ደግሞ ያለ ሽልማት በሦስት ቃል ጨርሰውታል። እኔ ዲግሪ ይዤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ራዲዮ ከፍቼ ወንበር ላይ ቆምሁ፤ እርሳቸው ግን በቀን አይከፍቱም። ይህን ሰው ማየት አለብኝ አልሁ።

ተማሪዬ ከሚዛን በስተ ምሥራቅ ከሸዋ ቤንች ገጠር የመጣ ነው። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከተማ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ ይማራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተከተልሁት። ከመኪና ከወረድን በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ሄድን። ጊዜው የቡና ለቀማ ነበር። በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ቀልቶ፣ ሴቱም ወንዱም ልጁም ቅርጫቱን ይዞ ተሰማርቷል። መብራት አልደረሰም። እኔም ገና ከመግባቴ፣ «ይህ ለራዲዮ ገነት ነው» ብዬ አሰብሁ።

ሽማግሌው ከቤታቸው ፊት፣ ቡና በሚደርቅበት አልጋ አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። አልጋው ላይ ቀዩ ቡና ተሰጥቷል። ከአንዱ ጥግ ላይ ደግሞ አራት የባትሪ ድንጋዮች በተራ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይኔን ተከትለው አዩና፣ «እነሱም ይደርቃሉ፤ ማታ ትንሽ ትንፋሽ ያገኛሉ» አሉኝ። በቤንችኛ ለልጁ አንድ ነገር ተናገሩ። ወዲያው ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ የሚፈላው ጨሞ በቅል መጣልኝ። አንድ ጊዜ ስጎነጨው ላብ አጠመቀኝ። ሽማግሌው ሳቁና፣ «መምህር፣ ይህ ደግሞ ለሰው ድንጋይ ነው» አሉኝ።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ራዲዮው ከማደሪያው አልተነሣም። ማደሪያው በግድግዳው ላይ ያለ የእንጨት መደርደሪያ ነው። ሲመሽ አራቱን ድንጋዮች ከተቱ፣ ራዲዮውን ከመደርደሪያው መካከል አኖሩና በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ጥቂት አዞሩት። ጠጋ ብዬ ባየሁ ጊዜ እንጨቱ ላይ በቢላዋ የተቧጨሩ ሦስት መስመሮች አሉ። «ይህ አዲስ አበባ ነው፤ ይህ መቱ፤ ይህ ኦምዱርማን» አሉኝ።

ኮምፓስ በስልኬ ከፍቼ አየሁ። አዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ መቱ ወደ ሰሜን፣ ኦምዱርማን ከሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ፤ ሦስቱም ልክ ናቸው! ምክንያቱን ለእናንተ ልንገራችሁ። በትንሽ ራዲዮ ሆድ ውስጥ እርሳስ የምታህል ጥቁር ዘንግ አለች፤ ፌራይት ትባላለች፤ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞባታል። የመካከለኛውን ሞገድ የምትይዘው እርሷ ናት። የዘንጓ ጎን ወደ ጣቢያው ሲዞር ድምፁ ይጎላል፤ ጫፏ ወደ ጣቢያው ሲያመለክት ይደክማል። እኔ በክፍል ውስጥ የመዘዝሁት አንቴና ለአጭር ሞገድና ለኤፍ ኤም ነው እንጂ ለዚህ አይረዳም። ሽማግሌው ስለ ፌራይት አልሰሙም፤ ነገር ግን በየሌሊቱ ትንሽ በትንሽ እያዞሩ፣ ድምፅ የጎላበትን ሥፍራ በቢላዋ እያመለከቱ፣ የሦስት ከተሞችን አቅጣጫ በአንድ ሳንቃ ላይ ጽፈው አኑረዋል። የመቱው ቅርብ በመሆኑ በቀንም ይሰማቸው እንደ ነበር ነገሩኝ። «ቅርቡን ፀሐይ አትበላውም፤ የምትበላው የሩቁን ነው» አሉኝ። በቃ፣ ይህ የመማሪያ መጽሐፌ አንድ ምዕራፍ ነው።

ወቅቱንም ያውቁታል። በዚህ በምዕራቡ ደጋና ቆላ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስለማይለቅ፣ መብረቅ ባበራ ቁጥር ራዲዮ ይንጫጫል። ደኅና የሚሰማው ከኅዳር ወዲህ ነው። «ቡናና ራዲዮ አንድ ላይ ይደርሳሉ» ይላሉ።

ይህን ሁሉ ትዕግሥት ምን እንዳስተማራቸው ጠየቅሁ። መልሱን ከመስጠታቸው በፊት በሩ ጥግ ወደ ተቀመጠው ጎልማሳ ልጃቸው፣ ማለት ወደ ተማሪዬ አባት፣ ተመለከቱ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ይህ ልጅ ወታደር ነበር። አባትዬው የዓመቱን ቡና ሸጠው ሚዛን ወረዱና ራዲዮውን ገዙ። የልጄ ስም አንድ ቀን ይጠራል ብለው ሌሊት ሌሊት አዳመጡ። ስሙ አልተጠራም። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ሰላም መፈረሙን በዚሁ ራዲዮ ሰሙ። በቀጣዩ ዓመት ልጁ ራሱ በዚያው በር ገባ።

«ታዲያ ልጅዎ ከመጣ በኋላ ለምን አልተዉትም?» አልኋቸው።

«ልተወው ነበር። ለአንድ ልጅ ብዬ ገዛሁት፤ እየሰማሁ ስኖር ግን የሌላውም ሰው ልጅ ወሬ ያስጨንቀኝ ጀመር። ጆሮ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፣ መምህር።»

ራዲዮው ጥቅምም አምጥቶላቸዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ በወጣ ጊዜ ወሬውን የሰሙት ከመደርደሪያው ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ሰብሳቢ መጥቶ በጎተራ የቀረውን ጀንፈላቸውን በአምና ዋጋ ሊገዛ ጠየቃቸው። «ዛሬ አልሸጥም፤ ራዲዮዬን ላማክር» ብለው መለሱት። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሄደ፤ ከዐሥር ቀን በኋላ ዋጋ ጨምሮ ተመለሰ።

ኀዘንም አምጥቶባቸዋል። የሱዳን ዘፈን ይወዱ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በኦምዱርማን ያለው የራዲዮ ቤት ራሱ የውጊያ ሜዳ ሆነ፤ የአገሪቱ ጦር መልሶ የያዘው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ይህን ሁሉ ዝርዝር አያውቁም። «ዘፈኑ ቀረ፤ ያን ጊዜ ከባድ ነገር እንደ ደረሰባቸው አወቅሁ» አሉኝ። በ1975 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍልም እንዲሁ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራተኞቹ በሙሉ ዕረፍት እንዲወጡ ታዝዘው ድንገት ዝም ባለ ጊዜ፣ ሽማግሌው ጥፋቱ የድንጋዩ መሰላቸው። ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ ዝም አለ። አዲስ ገዙ፤ ዝም አለ። በሳምንቱ የልጅ ልጃቸው ከከተማ መጥቶ ከስልኩ ላይ አንብቦ ነገራቸው። «ሁለት ድንጋይ በከንቱ ከሰርሁ» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወዲያው ቆመ።

ይህ እንግዲህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በየአገሩ የመካከለኛው ሞገድ ማሠራጫ እየተዘጋ ነው። ለምሳሌ ጀርመን የአገር ውስጥ ሥርጭቷን በዚህ ሞገድ ማስተላለፍ ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ነው። ማሠራጫው ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ሰውም ወደ ኤፍ ኤምና ወደ ስልክ ዞሯል። ምክንያቱ ትክክል ነው። በአገራችን ግን ኤፍ ኤም ከተራራ ጀርባ አይደርስም፤ ስልክም ኔትዎርክና መብራት ይፈልጋል። ደግሞም ስልክ የሚያቀርብልህ የወደድኸውን እየመረጠ ነው። ራዲዮ ግን ያልጠየቅኸውን ሰው ወደ ቤትህ ያመጣል። እኔ ናይሮቢን ፈልጌ አላገኘኋትም፤ እርሷ መጣችብኝ።

ይህን ሁሉ በኩራት ለሽማግሌው ሳስረዳ በዝምታ ሰሙኝ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «መምህር፣ እኛ አዲስ አበባን ከዚህ ሆነን እንሰማለን። እናንተስ እዚያ ሆናችሁ እኛን ትሰማላችሁ?»

የፊዚክስ መምህር ነኝና አፌ ወደ ፊዚክስ ሮጠ። በአካባቢው ያለው ኤፍ ኤም ሞገዱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ኃይሉም ትንሽ ስለ ሆነ፣ በመካከል ተራራ ስላለ፣ አዲስ አበባ ሊደርስ እንደማይችል ማብራራት ጀመርሁ። ሽማግሌው እጃቸውን በቀስታ አነሡ።

«ስለ ራዲዮ አልጠየቅሁህም» አሉኝ።

ዝም አልሁ። ምን ልበል? ሃያ ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ስኖር ስለዚህ አገር የሰማሁት ዝናቡንና ቡናውን ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን እየጠጣሁ ኖሬያለሁ፤ ድምፃቸውን ግን አንድ ቀን አልሰማሁም። እነርሱ በ410 ኪሎ ሜትር ርቀት የእኛን ሳል እንኳ ይለያሉ። ከእኛ የሚነሣው ሞገድ ሌሊት ወደ እነርሱ ይደርሳል፤ ከእነርሱ ወደ እኛ የሚሄደውን የሚበላው ግን ፀሐይ አይደለችም። እንደ እኔ ያለ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ ዝውውር የሚጠይቅ ሰው ነው። ፋይል ከወረዳ ሲመጣለት ከሥር አድርጎ የሚያቆየው ጸሐፊ ነው። ተምረናል ማለት መናገር ችለናል ማለት መስሎናል፤ ማዳመጥ ግን በቢላዋ ሳንቃ ላይ እየጫሩ ለዓመታት የሚማሩት ሌላ ትምህርት ነው።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ያለፈውን ሳምንት ውርደቴን ራሴ አነሣሁ። «አያቱ ልክ ናቸው፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ለቅዳሜና እሑድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ራዲዮ ያለው ቤተሰብ የተገኘው ለዘጠኝ ተማሪዎች ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ በየሰፈራቸው ተመደቡ። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ የአዲስ አበባውን ድምፅ ጉልበት ከ0 እስከ 5 ነጥብ እየሰጡ እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። አንዱ ከቴፒ፣ አንዱ ከበበቃ፣ አንዱ ከአማን፣ አንዱ ከሸዋ ቤንች ወረቀቱን ይዞ መጣ። ነጥቡን ሰሌዳው ላይ አንድ ላይ ስንሥል መስመሩ እስከ 12 ሰዓት ድረስ መሬት ለመሬት ሄደና፣ ከዚያ በኋላ እንደ ዳገት ቀጥ ብሎ ወጣ። ዘጠኙም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ጠመኔ ተቀብላኝ ከሥዕሉ በላይ «ፀሐይ ድምፅ ትበላለች» ብላ ጻፈችበት። ያ ዝምተኛ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ሲል አየሁት። በዚያን ቀን ከከተማ የመጣ ዕውቀት ሳይሆን ከቤቱ የወጣ ዕውቀት ሰሌዳው ላይ ተጽፎ አይቷል። አስተማሪ ሆኜ ካሳለፍሁት ጊዜ ሁሉ ያን ሰዓት የሚተካከል አላገኘሁም።

ስለ ዝውውሩ ትጠይቁኝ ይሆናል። ጊዜው ደርሷል፤ ፎርሙም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ለዘለዓለም እዚህ እኖራለሁ ብዬ አልምልም፤ እናት አለችኝ፤ አዲስ አበባም ትናፍቀኛለች። ነገር ግን ሽማግሌው ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ሳልሰጥ መሄድ ነውር ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ፎርሙን ወደ ጎን አድርጌ ይህን ጽሑፍ ጻፍሁ። ከሸዋ ቤንች ተነሥቶ ወደ እናንተ የሚሄድ አንድ ደካማ ሞገድ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። በደንብ ባይሰማችሁ እንኳ ቶሎ አትዝጉት፤ ጥቂት አዙሩት።

የቀረውን ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ። መብራቱ አሁን ጠፋ፤ ጎረቤቶቼ «ኤጭ!» እያሉ ነው። በረንዳዬ ይጠብቀኛል።